ያለ እሳት የሚቀልጥ ቅቤ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ በየዓመቱ ይዤ የምቀርበው ያው አንድ ዓይነት ዝርዝር ነው፤ በጾም የተበላች እንቁላል፣ በቅዳሴ መሐል የተሸለበች እንቅልፍ፣ በሰው ላይ የተሳቀች ሳቅ። እሳቸውም ለምደውኝ ስግደቴን ቆርጠው ያሰናብቱኛል። ዋናውን ግን፣ ድንች ሻጭ የበሰበሰውን ከጆንያው ሥር እንደሚያደርገው፣ ከትንንሾቹ ሥር ሸሽጌ ሃያ ሁለት ዓመት ተሸክሜዋለሁ።

ዛሬ ያስወጣችው ፍየል ናት።

ጠዋት ወደ ጓሮ ስወጣ የበሶብላዬ መደብ ራስ ራሱ የለም። ትናንት ወይን ጠጅ አበባውን ተሸክሞ ሲወዛወዝ የነበረው ሁሉ አንገቱ ተቀልቶ ግንዱ ብቻ ቆሟል። ደሜ ፈላ። የጎረቤቴ የባለሱቁ የኑሩ ፍየል ባለፈው ሳምንት አጥራችንን ስታሸት አይቻት ነበርና ሌላ ተጠርጣሪ አልፈለግሁም። ከዘራዬን ይዤ ኑሩ ሱቅ ደጃፍ ቆምኩና ስለ ፍየሏ፣ ስለ ፍየሏ እናት፣ ስለ ፍየል ዘር በሙሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ዳቦ ሊገዛ የመጣው ሁሉ ቆሞ ሰማኝ። ኑሩ ትሑት ሰው ነው፤ ስኳር የሚመዝንበትን ትቶ ወጣና «ጋሼ ሞላ፣ ፍየሏ እኮ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ታስራ ነው ያለችው፤ ይምጡና ገመዷን ይዩት» አለኝ። ሄጄ አየሁት። ገመዱ ሙሉ ነው። «ፈትታ፣ በልታ፣ ተመልሳ ራሷን አስራ ይሆናል» አልኩት። ሰዉ ሳቀ፤ እኔ ግን የምሬን ነበር።

ያን ጊዜ ሚስቴ ማንጠግቦሽ ጩኸቴን ሰምታ ደረሰች። ሰላምታም አልሰጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ በሶብላውን ትናንት ከሰዓት ራስህ አጭደህ ጓዳ አልሰቀልከውም?»

ሰቅዬዋለሁ። አምስት እስር፣ ቁልቁል፣ ከጣራው ማገር ላይ። ሰባ አንድ ዓመት የሆነው ጭንቅላት እንዲህ ነው፤ እንደ ተራራ ላይ ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ፍየሏን ይቅርታ ጠየቅኋት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ባርኔጣዬን አውልቄ። አንድ እፍኝ ገብስም አምጥቼ ሰጠኋት፤ በላችልኝ። ኑሩም ሳቀ፣ ሰዉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ሁሉ ከቁርስ በፊት አለቀ። ወደ ቤት ስመለስ ግን ሳልገባ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ለፍየል ይቅርታ ለመጠየቅ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ለሰውስ? በጓሮ አበባ ሰበብ ንጹሕ ፍጥረት ስወነጅል እኮ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። የፊተኛዋ ፍየል አልነበረችም። የሚመሰክርላት ገመድም አልነበራትም።

እንግዲህ መስቀል ባትይዙም ተቀመጡልኝ፤ ልናዘዝ ነው።

ዘነቡ ትባላለች። ከጥሊሊ ወዲያ ካለ ገጠር፣ ከባሏ ተፋትታ፣ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ መጥታ እዚህ ቆሰበር ከእኛ አጥር ማዶ አንዲት ክፍል ተከራየች። የመንግሥት ወረቀት ከተማውን እንጅባራ ይላል፤ በእኔ አፍ የሚቀድመው ቆሰበር ነው። አማርኛዋ ከአዊኛው ጋር እየተደባለቀ የሚወጣ ነበር። የጓሮውን ቅጠል ሁሉ በአዊኛ ትጠራውና የአማርኛ ስሙን ማንጠግቦሽን ትጠይቃታለች፤ ማንጠግቦሽም በፈንታዋ አሠራሩን ትጠይቃታለች። እንዲህ እየተለዋወጡ ወዳጅ ሆኑ።

ሥራዋ ቅቤ ማንጠር ነው። ቅቤ ማንጠርማ ማን አይችልም ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር፤ የእሷን እስክቀምስ ድረስ። ሰዎች ጥሬ ቅቤያቸውን ያመጡላታል፣ አንጥራ ትመልስላቸዋለች፤ የእጇን ዋጋ ትቀበላለች። ምስጢሩ በበሶብላው ነበር። ቅጠሉን አትነካም፤ አበባውን ብቻ። እሱንም የዘለላው ሥር ፍሬ ይዞ ጫፉ ገና አበባ ላይ ሳለ፣ ጤዛው ተነስቶ ፀሐይ ሳይበረታ ትቆርጠዋለች። ጥላ ውስጥ ቁልቁል ሰቅላ ታደርቀዋለች። ኮሰረቱና ኮረሪማው ከቅቤው ጋር እሳት ላይ ይውላሉ፤ የበሶብላው አበባ ግን ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው የሚገባው። «አበባ እሳት አይወድም» ትል ነበር።

ማንጠግቦሽና እሷ ተስማምተው በእኛ ጓሮ አንድ ረጅም መደብ አወጡ። በሶብላው መሐሉን ያዘ፤ በዳር በዳሩ ኮሰረት፣ ጤና አዳም፣ እንስላል። መሬቱ የእኛ፣ ዘሩና ዕውቀቱ የእሷ፤ አበባው ሲደርስ እኩል ሊካፈሉት። ለመስቀል ሰዉ ሁሉ ቅቤ የሚያስነጥርበት ወቅት ነውና ዘነቡ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ያን አበባ ነበር። የቤት ኪራይዋም፣ የልጇ ደብተርም ከዚያው ነው የሚወጣው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ከመደቡ ግማሹ የእሷ ነበር። በኋላ ያን ሁሉ ነገር ያወራ ሰው አንድም ይህን ልብ አላለም። እኔ ግን አውቅ ነበር።

አሁን ወደ ሥራዬ ልግባ። የእኔን ሥራ ማለቴ ነው።

መስከረም መባቻ ላይ ከጓሮው ማዶ ያለችው ጥማድ መሬቴ ዘግይቶ የተዘራ ጤፍ ይዛ ነበር። ዛሬ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ቆሞባታል። ጤፉን አረም ዋጠው። እኔ ማረም አልወድም፤ ከስግደት በቀር ጎንበስ ማለት አይሆንልኝም፤ ስግደቱንም በግዴ ነው። ስለዚህ ከአንድ ገበሬ መርጫ ፓምፕ ተዋስኩና ገበሬው ቱፎርዲ የሚለውን የአረም መድኃኒት በጥብጬ ረጨሁ። መድኃኒቱ ጤፍና ገብስ አይነካም፤ ቅጠለ ሰፊውን ሁሉ ግን ጠምዝዞ ያደርቃል። ይህን ለማወቅ የእርሻ መምህር መሆን አያስፈልግም። እኔ ግን የእርሻ መምህር ነበርኩ። አረም የተረጨበት ፓምፕ ሦስት ጊዜ እንደሚታጠብ፣ አንዱም በሳሙና እንደሆነ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ዓመት በዓመት እየጻፍኩ አስተምር ነበር። ይህን ያልመለሰ ተማሪ ከእኔ ማርክ አያገኝም።

በዚያው ዕለት ማንጠግቦሽ ከበሶብላው አበባ ሥር ክሽክሽ እንደወጣበት ነገረችኝ፤ እነዚያ ግንዱ ላይ ተጣብቀው የሚመጡ አረንጓዴ ደቃቃ ነፍሳት። የሳሙና ውኃ ቢረጭበት ይረግፋል። ፓምፑ በእጄ ነው። አንድ ጊዜ አለቀለቅሁት። አንድ ጊዜ። ዝናብ መጣብኝ ልል ነበር፤ አልመጣም። ርቦኝ ነበር ልል ነበር፤ በልቻለሁ። ሰነፍኩ፤ ይኸው ነው። ሳሙናውን በጥብጬ ሞላሁና መደቡን ከዳር እስከ ዳር አጠጣሁት። እያፏጨሁ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ዘነቡ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አጥሩ ላይ ቆመች። እኔ በር ላይ ነበርኩ፤ ማንጠግቦሽ መደቡ ዳር። «ማንጠግቦሽ፣ እንዲህ ያበበ በሶብላ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ዓይኔ አልጠግብ አለ» አለቻት። ይህን ብላ ሄደች። ከዓይን ይሰውረው አላለችም። ለምን ትበል? የራሷን ንብረት እኮ ነው የምታየው።

ሰኞ ከሰዓት ግንዱ መጉበጥ ጀመረ። ማክሰኞ ጠዋት እንደ በግ ቀንድ ተጠማዟል፤ ቅጠሉ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ማንኪያ መስሏል፤ አበባው አንገቱን ወደ መሬት ሰብሯል። ጤና አዳሙም ኮሰረቱም እንደዚያው። እኔ ገና ከሩቅ ሳየው አወቅሁት። ለተማሪ ሥዕሉን የሣልኩት እኔ ነኝ።

የሰፈሩ ሴቶች ተሰበሰቡ። ማንጠግቦሽ መደቡ ዳር ቁጢጥ ብላ ግንዱን አንድ በአንድ ቀና ለማድረግ ትሞክራለች። አንዲቱ ሴት፣ ስሟን አልጽፍም፣ ሰሞኑን ማን እንዳየው ጠየቀች። ማንጠግቦሽም ሳታስብ ዘነቡ እሑድ ለት ቆማ እንዳየችው፣ ያለችውንም ቃል ተናገረች፤ ከዚያ የተናገረችውን ራሷ ሰምታ አፏን ያዘች። ሁሉም እኔን አዩኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ እኔ ነኝ የሚል ቃል። ማንጠግቦሽ ወደ እኔ ዞራ ምን እንደረጨሁበት ጠየቀችኝ። ሳሙና አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ሳሙናም ነበረበት። አያችሁ፣ እኔ ስዋሽ እንኳ ከእውነት ትንሽ ቆንጥሬ ነው የምጨምርበት፤ እንዲጣፍጥ።

አሁንም ሁሉም እኔን ያያሉ። የእርሻ መምህር ነኛ፤ አንድ ነገር እንድል ይጠብቃሉ። እኔም አንድ ነገር አልኩ።

«እሷ ያየችው ቅቤማ ያለ እሳት ይቀልጣል።»

ሳቁ። ማንጠግቦሽ ብቻ አልሳቀችም። ዓይን ነው ያላለ ሰው አልነበረም ከዚያ በኋላ።

ለምን አልኩት? ሃያ ሁለት ዓመት ራሴን ጠይቄአለሁ። ዘነቡን ስለጠላሁ ነው? አልጠላኋትም። በዓይን አምን ስለነበር ነው? ያን ጊዜ በዚያ መደብ ፊት ቆሞ በዓይን ያላመነ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ማንጠግቦሽን ፈራሁ፤ አንድ። የእርሻ መምህሩ ፓምፕ ማጠብ አቃተው መባልን ፈራሁ፤ ይህ ይበልጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህ ነው፦ ቀልዱ ጥሩ ነበር። አፌ ላይ ሲመጣ ጥሩ መሆኑን አወቅሁና መያዝ አልቻልኩም። ጥሩ ቀልድ ከመጣልኝ እናቴንም አልምርም። ሰው በስለት ይገድላል፣ በመርዝ ይገድላል፤ እኔ በጨዋታ ገደልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሦስት ቀን ሳይሞላው ቦኖ ውኃ ላይ ልጃገረዶች ሲሉት ሰማሁ። ባለቤቱ እኔ መሆኔ ተረስቶ የአገር አባባል ሆኖ ነበር፤ ልክ ነው፣ ትንሽም ኮራሁ፤ ይህንንም ጻፉብኝ። ለመስቀል አንድም ሰው ቅቤ አላመጣላትም። ቅል ሙሉ ቅቤ ይዛ የምትመጣ ሴት ዘነቡን ከሩቅ ስታይ በነጠላዋ ሸፍና በሌላ መንገድ ትዞራለች። በሶብላና ኮሰረት የሚሸጡላት ሴቶች አልቋል ይሏታል፤ አጥራቸው ላይ ያብባል። ልጇ ትምህርት ቤት ብቻዋን መቀመጥ ጀመረች። እኔ እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ አያለሁ።

ቀልዱ ኃጢአቴ ነው ብዬ እዚህ ላይ ባቆም ግን አሁንም እየዋሸሁ ነው። ከቀልዱ የባሰ አለ።

አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ዘነቡ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ቤት ለምን እንዳልመጣች ገባኝ፤ ማንጠግቦሽን እንዳታስፈራት ነው። ተነስታ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ፈታች። ከመደባችን የተነቀለ አንድ የደረቀ የበሶብላ ግንድ ነው፤ ያ የበግ ቀንድ።

«ጋሼ ሞላ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ይህ የተክል በሽታ እንደሆነ ለሰዎቹ ይንገሩልኝ። እርስዎን ያምናሉ።»

ይህን ብቻ ነው የለመነችኝ። እኔ ነኝ በል እንኳ አላለችኝም፤ አላወቀችማ። በሽታ ነው ብል ለራሴም መውጫ ነበር፤ ማንንም አያስጠይቅም። ከዚህ ያነሰ ነገር የተለመነ ሰው አለ? ግንዱን ተቀበልኳት። መነጽሬን አደረግሁ። አገላብጬ አየሁ፣ አሸተትኩ፣ ወደ ብርሃን አነሳሁት፤ እንደሚመረምር ሰው። ልቤ ግን የሚያሰላው ሌላ ነው። በሽታ ነው ካልኩ ምን በሽታ ሊሉኝ ነው፤ አንዱ ገበሬ ግንዱን ያየዋል፤ ይህማ የቱፎርዲ ሥራ ነው ይላል፤ ሰሞኑን ማን ረጨ ይባላል። እንዲህ አሰላሁና መነጽሬን አወለቅሁ።

«በሽታም ሊሆን ይችላል» አልኳት። «ሌላም ሊሆን ይችላል።»

ዘነቡ ትንሽ አየችኝ። «ሌላ ምን?» አለች።

ማን ያውቃል አልኳት።

ግንዱን ከእጄ ወሰደች። እንደገና በጋዜጣው ጠቀለለችው፤ ቀስ ብላ፣ የሚሰበር ዕቃ እንደሚጠቀለል። አመስግናኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰዎች መጥተው ምን እንዳልኳት ጠየቁኝ፤ ልትጠይቀኝ እንደምትመጣ ቀድማ ነግራቸው ነበርና። ያልኩትን ነገርኳቸው። በማግስቱ ወሬው ሌላ መልክ ያዘ፤ የእርሻ መምህሩ እንኳ በሽታ ነው ለማለት አልደፈረም ተባለ። እስከዚያ ድረስ ቀልድ ነበር። ከዚያ ወዲያ በተማረ ሰው የተመሰከረ ሆነ።

ኅዳር ላይ አከራይዋ ቤቱን ለልጄ እፈልገዋለሁ አለቻት። ልጅ አልነበራትም። ዘነቡ ወደ ዳንግላ ልትሄድ ዕቃዋን አወጣች። የጭነት መኪናው ሲመጣ የሰፈሩ በር ሁሉ ዝግ ነው። እኔ ወጣሁ። ድስቷን፣ ሰፌዷን፣ አንድ አልጋዋን ተሸክሜ ጫንኩላት። ሰው ቸርነቴን አደነቀልኝ፤ ሞላ ተጫዋች ብቻ አይደለም፣ ልቡም ደግ ነው ተባልኩ። እሷም እጄን ይዛ ከዚህ ሰፈር ሰው የወጣልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት ብላ መረቀችኝ። ምርቃቷን ተቀበልኩ። ዝቅ ብዬ፣ አሜን እያልኩ። ማንጠግቦሽ በአጥሩ ክፍተት አየቻት፤ ልትወጣ ደፍ ድረስ ደርሳ ተመለሰች። ወዳጇን እንድትፈራ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ያን ቀን ማታ እራት አልበላችም። እኔ በላሁ።

ዓመታት ሄዱ። ጡረታ ወጣሁ። ማንጠግቦሽ መደቧን መልሳ ዘራች፤ ግን በአጥሩ ላይ ሌላ አጥር ጨመረችበት፤ ከውጭ እንዳይታይ። በየዓመቱ በሶብላው ሲያብብ ከዓይን ይሰውረው እያለች ዓይን ይመልሳል የሚባለውን ሳማ ታስጠጋበታለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ አቀብላታለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ለዓይኔ ሕክምና ዳንግላ ሄድኩ። ዓይን ያልኩት በዚህ ጊዜ የራሴን ነው። ሐኪሙ ግራውን ሞራ ጋርዶብዎታል አለኝ፤ እስከዛሬ የት ነበርክ ልለው ፈለግሁ። ከዚያ ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ አንድ ሽታ መታኝ። አበባው ድስቱ ከወረደ በኋላ የገባበት ቅቤ ነው። ከዘራዬ እየመራኝ አንዲት ጠባብ ሱቅ በር ላይ ደረስኩ። ዘነቡ ተቀምጣለች። ሸብታለች፤ ወፍራለች፤ ድምፄን ሰምታ ነው ያወቀችኝ። ተነስታ ተሳለመችኝ፤ ወንበር አቧራውን ጠርጋ ሰጠችኝ፤ ስለ ማንጠግቦሽ ጤና ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ከመደርደሪያው ላይ የደረቀ በሶብላ አየሁና ጓሮ አለሽ ወይ አልኳት፤ ሌላ የምለው አጥቼ።

ከነጋዴ እንደምትገዛ ነገረችኝ። የሚያብብ ነገር አትተክልም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ ሞላ፣ ሰው ሁሉ ሲለኝ እኔም አመንኩ። የሰው ጓሮ ቀና ብዬ ካየሁ ስንት ዓመቴ። ልጄ ስትወልድ እውነት ዓይኔ ቢሆንስ ብዬ የልጅ ልጄን እስከ ክርስትናው ፊቱን አላየሁትም። ጀርባውን ወደ እኔ አዙሬ ነበር የማቅፈው።»

አፌን ከፈትኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከፈትኩ። «ዘነቡ፣ ያ በሶብላ…» አልኩ።

«ተዉት፣ አለፈ» አለችኝ።

ተውኩት። ዕድሜ ልኬን ተው ሲሉኝ የማልተው ሰው፣ ያን ቀን ብቻ ታዛዥ ሆንኩ።

ስነሳ አንዲት ክዳን ያላት ጣሳ ሙሉ ቅቤ ለማንጠግቦሽ ብላ ሰጠችኝ። ዋጋ ብላት ተቆጣች። ጣሳዋን ብቻ እንድመልስላት አደራ አለችኝ፤ ክዳኑ እንዲህ የሚገጥም ጣሳ ዛሬ ገበያ ላይ የለም አለች። ሚኒባስ ውስጥ ጣሳዋን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ ቆሰበር መጣሁ። ቤት ስገባ ከጥሊሊ ነጋዴ የገዛሁት ነው አልኩና ቅቤውን በማንጠግቦሽ ዕቃ ገልብጬ ጣሳዋን የመጋዝና የመዶሻ ሳጥኔ ውስጥ ሸሸግሁ። ማታ ሽሮው ላይ ጠብ አደረገችበት። አንድ ጊዜ ጎረሰች። ቆመች። እጇ ገበታው ላይ ቀረ።

«ይህ የዘነቡ እጅ ነው» አለች።

ጥሊሊ አልኳት። አሁንም ጥሊሊ አልኳት።

ማንጠግቦሽ ገበታውን ገፋ አደረገችው። «እንዲህ ያለ እጅ የሰጣት አምላክ» አለች፣ «ዓይኗን ለምን እንደዚያ አደረገባት?» ብላ እራቷን ሳትጨርስ ተነሳች። እኔ ሽሮው ፊት ብቻዬን ቀረሁ። እዚያም አልተናገርኩም። እንግዲህ ቁጠሩልኝ፤ መደቡ ዳር ዝም አልኩ፣ ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ አድበሰበስኩ፣ ዳንግላ ተውኩት፣ ገበታ ላይ ዋሸሁ። አንድ ጊዜ ተሳሳተ የሚባል ሰው አይደለሁም።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም። እናንተ ምን አደረግኋችሁና? ሽማግሌ ነው፣ ተጸጽቷል፣ ይበቃዋል እንዳትሉልኝም እለምናለሁ። ተጸጽቼ ስቀመጥ እሷ ዳንግላ ውስጥ ወደ መሬት እያየች ትሄዳለች። የእኔ ጸጸት የእሷን አንገት ቀና አያደርግም። ቀና የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ሄዶ፣ ዓይንሽ ምንም የለበትም፣ የእኔ እጅ ነው ማለት። ከዚያ ደግሞ ቀልዱን በሰሙት ፊት እዚሁ ቆሰበር መድገም። እሑድ የእድር ስብሰባ አለ፤ ከሞቱት በቀር ይመጣሉ። እነግራቸዋለሁ ብዬ ብጽፍ ቃል ገባ ትሉኛላችሁ፤ የእኔን ቃል እኔ ራሴ አላምነውም። ይህን ወረቀት ግን ማንጠግቦሽ ገበታው ላይ ታገኘዋለች፤ ዓይኗ ከእኔ ይሻላል፣ ታነበዋለች።

ካነበበችው በኋላ ምን እንደምትለኝ አላውቅም። አንድ ነገር ግን እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፤ ጣሳው የት አለ ትለኛለች። በእኛ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ያላችሁን ጣል ታደርጉበትና ነው የምትመልሱት። ምን እንደሚደረግበት እሷ ታውቅ ይሆናል፤ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስብ አላገኘሁም። የዘነቡ ጣሳ ከነክዳኗ ከሚስማሬ መሐል ተቀምጣለች። አልመለስኩላትም።